አራት ክንድ መቀነት

ጽዋ ይዤ የዋሸሁት አሥር እሁድ ነው። ቆጥሬዋለሁ። በስካር የዋሸሁትን እኔም አላስታውሰው፣ ሰውም አልታዘበኝ፤ ጠጪ የሚናገረውን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል። እነዚያን አሥር እሁዶች ግን ከቅዳሴ መልስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሚወዱኝ ሰዎች መሐል ተቀምጬ፣ ሳልሰክር ነው የዋሸሁት። ዛሬም ትዝ ሲለኝ የሸሚዜን እጅጌ ወደ ታች እስባለሁ። የማፍረው ሰው ሁሉ ሞቷል ወይም ረስቶኛል፤ እኔ ግን አልረሳሁም።

ያን ጊዜ ላሊበላ አስተማሪ ነበርሁ። ትውልዴ ዋድላ ነው፣ የኮን ሰው ነኝ፤ ላስታ የሄድሁት መንግሥት መድቦኝ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ድርቁ አልፎ አገሩ ገና ነፍሱን እየመለሰ ነበር፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚሉትም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። መጠጥ የጀመርሁት እንደ ማንም ሰው ነው፤ ከሥራ መልስ አንድ መለኪያ አረቄ። አንዱ ሁለት ሆነ፣ የማታው የጧት ሆነ። በመጨረሻ ጠመኔ ስይዝ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ፊደል የዶሮ ጫር ጫር መሰለ። ተማሪዎቹ አይስቁም ነበር። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ጠበል የሄድሁት በጨጓራ አሳብቤ ነው። ለዲሬክተሩ ጨጓራዬን ነው ብዬ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወሰድሁ። ጠበሉ ከከተማው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ከገደል ሥር የሚፈልቅ ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እዚያ ጨጓራውን ያመመው ሰው አላገኘሁም። ወይ እንደ እኔ እጁ የሚንቀጠቀጥ ነው፣ ወይ ከራሱ ጋር የሚያወራ። ሁለት ሳምንቴ ሲያልቅ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ወደ ጠበሉ መመላለሴን አልተውሁም፤ ምክንያቱም እዚያ ማኅበር ነበረን።

የማኅበሩ እናት አንዲት መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ እንላቸዋለን። ከመመንኮሳቸው በፊት ሃያ ዓመት አረቄ አውጪ ነበሩ። «ለገበያ ተራውን፣ ለራሴ ዳግሙን ነበር የማወጣው» እያሉ ያስቁን ነበር። ባላቸውንም፣ ቤታቸውንም፣ ሁለት የላይ ጥርሳቸውንም የወሰደባቸው ያው ዳግሙ ነው። ጠበል ገብተው ሲድኑ ወደ ቤት አልተመለሱም። እዚያው መንኩሰው፣ ጠጪውንና አእምሮው የታመመውን አንድ ላይ ሰብስበው ማኅበር አቆሙ።

ማኅበር ያለ ጠላ እንደማይሆን ማንም ያውቃል። የኛ ግን ጠላ አያውቅም። ማር ከተገኘ ብርዝ፣ ካልተገኘ በሶ በጥብጠን ጽዋው ውስጥ እናደርጋለን። ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ጽዋው እጁ የደረሰ ሰው ሳይናገር አይጠጣም። በሳምንቱ የሆነበትን ይናገራል። ጠጥቶ እንደሆነ ጠጣሁ ይላል፣ ድምፅ ሰምቶ እንደሆነ ሰማሁ ይላል፣ ሞት አምሮት እንደሆነም አማረኝ ይላል። ማንም አይመክረውም፣ ማንም አይቆጣውም። «እግዚአብሔር ያጽናህ» እንለዋለን፣ ይጠጣል፣ ጽዋው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጠጣሁ ብሎ የተባረረ ሰው የለም። መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት አፌ ተሳስሮ ጽዋውን ታቅፌ ስቀር እማሆይ እንዲህ አሉኝ።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉ የለም ልጄ። እኛ እዚህ ያለ ብቅል ነው የምናወጣው።»

በዚያ ዘመን አሥር ሰው ተሰብስቦ ሲቀመጥ ምን ሊያሴር ነው ይባላል። እማሆይ ወደ ቀበሌው ሊቀ መንበር ሄደው ማኅበራችንን አስመዘገቡ። ሊቀ መንበሩ ከት ብሎ ስቆ የእብድና የሰካራም ማኅበር ምን አድማ ይመታል፣ ይሰብሰቡ ብሎ አሰናበታቸው አሉ። ይኼ ወሬ ትምህርት ቤታችን ደርሶ አስተማሪዎች ሻይ ሲጠጡ ተሳሳቁበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እዚያ ማኅበር ውስጥ እንዳለሁ ለነፍስ አልተናገርሁም ነበር፤ ዲሬክተሩ እሁድ እሁድ የት ነው የምትጠፋው ሲለኝ የታመመች አክስት አለችኝ እላለሁ።

ከማኅበርተኞቹ ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው ጋሸና ላይ እህል ከመኪና የሚያወርድና የሚጭን ሙስሊም ነው። አረቄ ከሚስቱም ከመስጊዱም አጣልቶት እህቱ ናት እያለቀሰች እማሆይ ዘንድ ያመጣችው። ጠበሉ ውስጥ አይገባም፤ ከሩቅ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ለጽዋው የራሱ ጣሳ አለው፤ እማሆይ ቀድተው ይሰጡታል፣ ቢስሚላህ ብሎ ይናገራል፣ ይጠጣል። ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላም መኪና ባገኘ ቁጥር ይመጣ ነበር።

ሁለተኛው የቅኔ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው ከሠላሳ አይበልጥም። ቅኔ ቤት ሳለ ነው የታመመው። የመምህሩ ድምፅ ከሩቅ ይሰማዋል፤ ቅኔህ ቤት አይመታም፣ ና እዚህ ድረስ፣ ድገመው ይሉታል። የኔታ ከሞቱ ቆይተዋል። እሱ ግን ድምፁ ወደተሰማው አቅጣጫ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ገደል ይሁን ወንዝ ይሁን አያይም። ከዚህ የተነሣ ዘመዶቹ እግሩን በሰንሰለት ከድንጋይ ጋር አስረውት ኖረዋል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠባሳው አለ። እማሆይ ያን ሰንሰለት ሲያዩ አይሆንም አሉ። ሰው ከድንጋይ ጋር ሲታሰር ድንጋይ ይሆናል፣ ሰው ከሰው ጋር ነው የሚታሰር አሉና በዓለም ሳሉ የታጠቁትን መቀነታቸውን አወጡ። አራት ክንድ ነው፤ ነጭ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጥለት ያለው።

ከዚያ ወዲያ ተራ ገባን። ተረኛው ከጧት ጠበል እስከ ሠርክ ጸሎት ቀኝ እጁን ከሕመምተኛው ግራ እጅ ጋር በመቀነቱ አስሮ ይውላል። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። ድምፁ ሲጠራው መቀነቱ ይሳባል፣ ተረኛው ይዞ ያስቀረዋል። ለጠጪዎቹ ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ይኼ የገባን ግን ቆይቶ ነው። ቀኝ እጁ ከሰው ጋር የታሰረ ሰው መለኪያ አያነሣም። እማሆይ በግልጽ ነግረውኛል፤ አንተ እሱን ስትጠብቅ እሱ አንተን ይጠብቅሃል ብለውኛል። እኔ ግን የተማርሁ ሰው ነኝና ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ ነበር የማየው። ጠባቂው እኔ፣ ተጠባቂው እሱ።

የእኔ ተራ ቅዳሜ ነበር። አሥራ አንድ ቅዳሜ ከእሱ ጋር ታስሬ ዋልሁ፤ አሥራ አንድ ሳምንትም አንዲት ጠብታ ሳልቀምስ ቆየሁ። እጄ ረጋ። ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ቀና ብዬ ሳየው የራሴ አይመስለኝም ነበር። እሱም ተሻለው። አንድ እሁድ ጽዋው እጁ ሲደርስ አንዲት ጉባኤ ቃና ተቀኘ። ሁለት ቤት ናት፤ ያኔ ግዕዙ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። ተቀኝቶ ሲያበቃ ጆሮውን ወደ ገደሉ አዘንብሎ አዳመጠ።

«የኔታ ዝም አሉ» አለ።

ያን ቀን እማሆይ ሲያለቅሱ አየሁ። እኔም አለቀስሁ። በሕይወቴ ለአንድ ነገር ረድቻለሁ ያልሁት ያኔ ነው፤ ትዕቢቴም የተነሣው ከዚያው ላይ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ይታደላል ተባለ። ማር ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና ለጽዋው ስኳር ላምጣ አልሁ። እማሆይ ዛሬ ገበያ ነው፣ ተረኛም ነህ፣ ይቅርብን አሉ። እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ አይንቀጠቀጥም።

«እጅህንስ አየሁት» አሉና መቀነቱን አሰሩልን።

ከከተማው ስንቃረብ ጋቢዬን ከታሰሩት እጆቻችን ላይ ጣል አደረግሁት። ገበያው ዳር፣ በአንድ አረቄ ቤት በረንዳ ላይ ዲሬክተሩና ሁለት አስተማሪዎች ከአውራጃ ከመጣ ካድሬ ጋር ተቀምጠው አየሁ። እነሱም አዩኝ፤ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ያ አብሮኝ ያለ ሰው ማን ነው ቢሉኝ ምን ልመልስ ነው? ከእብድ ጋር ታስሬ ነው የምውለው ልበል? የሳቁበት ማኅበር እኮ የኔ ማኅበር ነው ልበል? ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። በእጄ መጣሁ መጣሁ የሚል ምልክት ሰጥቼ ከጨው ነጋዴዎቹ ጀርባ ወሰድሁት። እዚያ አንዲት የወይራ ዛፍ አለች። ከሥሯ አስቀመጥሁትና በእኔ በኩል ያለውን ቋጠሮ በጥርሴ ፈታሁት።

«ትመለሳለህ?» አለኝ።

«አሁን መጣሁ» አልሁት።

የተፈታውን ጫፍ ከመሬት አነሣው። «ይኼን ልያዝልህ?»

«ያዝልኝ።»

ሰላም ብዬ ልመለስ ነበር። እውነቴን ነው። ግን በረንዳው ላይ ስደርስ መለኪያው ተቀድቶ ይጠብቀኛል፤ ካድሬው ራሱ ነው የቀዳልኝ። ለጨጓራ መድኃኒት ነው ብለው ሳቁ። የመጀመሪያዋን ስጨልጣት ስለ ወይራዋ አስብ ነበር። ሁለተኛዋን ስጨልጥ አላሰብሁም። አሥራ አንድ ሳምንት የጠበቅሁት ነገር ሁለት ጉንጭ አልሞላም።

ከዚያ ፉጨት ተሰማ። አብዮት ጥበቃዎች ገበያውን በአራቱም ማዕዘን ከበውት ኖሯል፤ የአውራጃው ኮታ አልሞላ ብሎ አፈሳ መጣ። ሰው ሲራወጥ ጨውና በርበሬው ተደባለቀ፣ አህዮች ጭነታቸውን ጣሉ። እኛ መታወቂያ ያለን የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆንን በረንዳችን ላይ እንደተቀመጥን ቀረን። እሱን ሁለት ታጣቂዎች ይዘው ወደ መኪናው ሲወስዱት አየሁት። አልታገላቸውም። ግራ እጁ ላይ መቀነቱ አለ፤ የተፈታውን ጫፍ በቀኝ እጁ አጥብቆ ይዞታል።

በዚያ ሰሞን ከአፈሳ ለማምለጥ እብድ መስሎ የሚቀርብ ሰው በዝቶ ነበርና ታጣቂዎቹ ዝምታውን አላመኑትም። አንደኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ የዚህ ሰው ዘመድ አለ ወይ፣ የሚያውቀው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እሱ ቀና ብሎ ወደ በረንዳው ተመለከተ። አልጠራኝም። ተመለከተኝ ብቻ። ካድሬው ዓይኑን ተከትሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ታውቀዋለህ እንዴ?»

አፌ አረቄ አረቄ ይሸታል። ተነሥቼ ይኼ ሰው ሕመምተኛ ነው፣ እኔ ነኝ ጠባቂው ብል፣ ጠባቂው የት ነበርህ ይሉኛል። እንዴት አወቅኸው ይሉኛል። ማኅበሩ ይወጣል፣ ጨጓራው ይወጣል፣ አክስቴ ትወጣለች። ይኼ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ነው ያለፈብኝ።

«አላውቀውም» አልሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መኪናው በጋሸና መንገድ ሲሄድ አቧራው እስኪጠፋ ተመለከትሁት። ከዚያ ሦስተኛዋን ጠጣሁ።

ወደ ጠበሉ የተመለስሁት በዘጠኝ ሰዓት ነው። መንገድ ላይ ከአንድ አጥር ሥር ጤና አዳም ቀጥፌ እያኘክሁ ነበር፤ ሽታውን እንዲያጠፋልኝ። ከዚያ ደግሞ የበለጠ አሳፋሪ ነገር አደረግሁ። የተጣለ የቃጫ ገመድ አገኘሁና ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ተቀምጬ የቀኝ እጄን አንጓ እስኪላጥ ፈተግሁት። ሳደርገው አልጣደፍሁም፤ እንደ ሥራ ነው የሠራሁት። ብዙ ነገር በስካር አመካኝቻለሁ፤ ይኼን ግን የሠራው ስካሬ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ለእማሆይ ያልኋቸው ይኼን ነው፤ አፈሳ መጣ፣ ሊወስዱት ሲሉ አልለቅም አልሁ፣ እነሱ ወዲያ እኔ ወዲህ ስንጓተት መቀነቱ ተበጠሰ። እጄን አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ግማሹ የት አለ?» አሉኝ።

ከእኔ ጋር የቀረው ከግርግሩ መሐል ወደቀብኝ አልሁ። ሌላ አልጠየቁኝም። እምነት በጠበል ለውሰው የተላጠውን ቀቡልኝ።

በማግስቱ እሁድ ጽዋው እጄ ሲደርስ ያንኑ ደገምሁት። ማኅበርተኞቹ አለቀሱ። አንዱ እጄን ስሞ ወንድም እንዲህ ነው አለ። የጋሸናው ጫኝም መጥቶ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ሁሉን የሚያጽናና ሰው ያን ዕለት ጣሳውን እያየ ዝም አለ። በሚቀጥለው እሁድ ደገምሁት፤ ሁለት የነበሩት ታጣቂዎች አራት ሆኑ። በሦስተኛው በሰደፍ መቱኝ። ማንም አልጠየቀኝም እኮ፤ ጽዋው ሲደርስ ሌላ የምናገረው ስለሌለኝ ነው። እውነተኛውን ሳምንቴን መናገር አልችልም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤቴን ዘግቼ መጠጣት ጀምሬ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ማመልከቻው ነው። እማሆይ ይኼ ሰው ሕመምተኛ መሆኑን ለአውራጃው እናመልክት፣ ከመካከላችን የተማረውም የመንግሥት ሠራተኛውም አንተ ነህ፣ ጻፍልን አሉኝ። ጻፍሁ። በእውነት ጥሩ አድርጌ ጻፍሁት። እማሆይ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ፣ ሌሎቹም ተራ በተራ አተሙ። ወስጄ ለማን ልስጠው? ማመልከቻውን የሚቀበለው ያ አላውቀውም ብዬ የነገርሁት ካድሬ ነው። ትምህርት ቤት ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍሁበት። ምን አሉህ ሲሉኝ ይታያል ብለዋል እላለሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እኔ ግን ማስጣል የምችል ሆኜ ነው ያላስጣልሁት።

በአሥራ አንደኛው እሁድ ገና ጽዋው ሳይጀመር ጫኙ ከቁልቁለቱ ብቅ አለ። ሰው በትከሻው ደግፎ ነበር። እሱ ነው። ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ በየአሥር እርምጃው ቆሞ ይስላል። ማሠልጠኛው ውስጥ ሐኪም አይቶት ለውትድርና አይሆንም ብሎ አሰናብቶት፣ ከመኪና መኪና እየተጣለ ጋሸና ደርሶ፣ ጫኙ ከአንድ ምግብ ቤት ደጅ ነው ያገኘው። የየኔታ ድምፅ ተመልሶበታል። ያን ዕለት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ከላሊበላ እስክዛወር ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር አንድም ጉባኤ ቃና ከአፉ አልሰማሁም። ያቺ የመጀመሪያዋ የመጨረሻዋም ሆነች።

እማሆይ ጉንጩን ስመው አስቀመጡት፤ ከዚያ ግራ እጁን ያዙ። መቀነቱ ከክርኑ እስከ አንጓው ተጠቅልሎ እጁ ላይ አለ፤ ጠቁሯል፣ ቆሽሿል። በእሱ በኩል ያለው ቋጠሮ እማሆይ ያሰሩት ያው ቋጠሮ ነው፣ አልተነካም። ጥቅልሉን ቀስ አድርገው ከእጁ ዘረጉትና ከቋጠሮው ጀምረው በክንዳቸው ለኩት። ሁላችንም እያየን ነው።

«አንድ» አሉ። «ሁለት። ሦስት።»

አራተኛው ክንድ ቀዩ ጥለት ላይ አለቀ። አልተበጠሰም። አንዲት ክር አልተመዘዘችም። እማሆይ ወደ እኔ አልዞሩም፤ ሌላውም አልዞረም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ያ ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር። እማሆይ ተነሥተው ጽዋውን ሞሉና ከማንም አስቀድመው ለእኔ ሰጡኝ።

በሶው ጭኔ ላይ ፈሰሰ። መቀነቱን የፈታሁት እኔ ነኝ አልሁ። በጥርሴ ነው የፈታሁት። ጠጣሁ። አላውቀውም አልሁ። እጄን የላጥሁት እኔ ነኝ። እስከ ትናንት ወዲያ ድረስ እየጠጣሁ ነው። እስከዚህ ስደርስ ማንም አልደነገጠም። ማመልከቻውን ግን አልሰጠሁም፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው ስል እማሆይ ቀና አሉ።

«ይኼንንስ አላወቅሁም ነበር» አሉ።

ሌላውን ያውቁት ኖረዋል። ጫኙ ያን ቅዳሜ ከመኪና ጋር ገበያው መጥቶ፣ በረንዳው ላይ መለኪያ ሳነሣ አይቶኛል። ወላሂ አንተው እስክትናገረው ብዬ ነው ዝም ያልሁ አለኝ። እማሆይም ግማሹ የት አለ ያሉኝ ዕለት ከመልሴ አውቀዋል፤ ሌሎቹም ውሎ አድሮ ደርሰውበታል። ብንናገርህ ትሄድ ነበር፣ ብትሄድ ብቻህን ትጠጣ ነበር፣ ውሸትህን ይዘህም ቢሆን እዚህ ብትቀመጥ ይሻላል ብለን ነው አሉ። አሥሩን እሁድ ሙሉ፣ አራቱን ታጣቂና ሰደፉን ሁሉ፣ እያወቁ ሰምተውኛል። ወንድም እንዲህ ነው ብሎ እጄን የሳመው ሰው ብቻ ነው ያላወቀው። እሱ አፉን በጋቢው ጠረገ፤ አየሁት።

«አልተቀየምሁህም ብልህ» አሉ እማሆይ «እኔም ጽዋ ይዤ ዋሸሁ ማለት ነው።»

ከዚያ እንደ ሥርዓቱ ሁሉም በአንድ ቃል እግዚአብሔር ያጽናህ አሉኝ። ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር፤ ግን አሉኝ። በሶውን ጠጣሁት። እንባዬም አብሮ ገባበት። የዚያን ዕለት ቢያባርሩኝ ኖሮ ዛሬ የማዝነው በራሴ ሳይሆን በእነሱ ይሆን ነበር፤ እሱንም ከለከሉኝ።

ጽዋው ዞሮ ሲያልቅ እማሆይ ዛሬ ማን ይያዘው ብለው ጠየቁ። ጫኙ እጁን ዘረጋ። ሕመምተኛው ግን ከተቀመጠበት ተነሣ፤ የመቀነቱን ጫፍ በቀኝ እጁ እንደያዘ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«እንካ» አለኝ። «ያዝልኝ ያልኸኝ ነው።»

እኔ አይገባኝም፣ ለሌላ ይሰጥ ልል አፌን ከፈትሁ። እማሆይ መጥተው ቀኝ እጄን ያዙና መቀነቱን በአንጓዬ ላይ ይቋጥሩ ጀመር። እሱ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ተመለከተ፣ በጣቱም ነካ አድርጎ ሞከረው።

«እማሆይ፣ የእሱን በኩል ያጥብቁት» አለ። «የሚጠፋ እሱ ነው።»

እማሆይ አጠበቁት።